ቀይ ክዳን

ባለፈው ሳምንት ወደ ዱከም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከአዳማ ስንወጣ መንገዱ ተጨናንቆ አንድ ግቢ አጠገብ ቆምን። ግቢው ውስጥ ትራክተር ቀለም እየተረጨ ኖሮ የቲነሩ ሽታ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ እየተነጫነጨ መስኮቱን ዘጋ፤ እኔ ብቻ የራሴን ከፈትኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት ጤንነቴን ተጠራጥረው መሰለኝ ሸሸት አሉ። ያ ሽታ የአባቴ የሸሚዝ ሽታ መሆኑን እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

አባቴ በዳዳ በወንጂ መንገድ በተከራየው ግቢ የእርሻ መኪና ቀለም ቀቢ ነበር። ከዓለም ጤና የሽንኩርት እርሻዎች ትራክተሩ፣ ከአርሲ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር ዝጎና ተላልጦ ይመጣና ከእሱ እጅ ፊት የሚያሳይ ሆኖ ይወጣል። ቀለም ብቻውን አይረጭም፤ የሚያቀጥነው ቲነርና የሚያጠነክረው ሃርድነር ይገባበታል፣ ትልቁ ብልሃትም ሁለቱን እንደ አየሩ መምረጥ ነው። በአዳማ በጋ ቶሎ የሚደርቀው ከገባበት ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ በክረምት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ካደረጉበት ትንኙንና አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። የማያውቀው በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ነው። ለማንም ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ ይይዝና ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነብባል፤ አንዳንዴም ቆርቆሮውን ዘቅዝቆት። የሚመርጠው በክዳኑ ቀለም ነበር፤ ቀይ ለበጋ፣ ሰማያዊ ለክረምት።

ዕቃውን የሚያመጣለት ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን ነበር። ከወሎ መጥቶ አዳማ የከተመ፣ የቀለም ሱቁ ከግቢያችን ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራ፣ ከአባቴ ጋር «አንተ» እየተባባለ የሚሰዳደብና የሚሳሳቅ ሰው። ልጁ ዘይነባ የልብ ጓደኛዬ ስለነበረች ከቤታችን ይልቅ እነሱ ቤት አመሽ ነበር።

አንድ በጋ ጋሽ ሁሴን እናቱ አርፈው ወሎ ሄደ። አባቴ ሱቁን ከምትጠብቀው ከጋሽ ሁሴን ሚስት ባለ ቀይ ክዳኑን ወስዶ የአንድ ገበሬ ትራክተር ረጨ፤ ሲደርቅ ላዩ የላም ምላስ ሆነ። ባለቤቱ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ፣ ይህን ይዤ ሰፈሬ አልገባም ብሎ ትቶት ሄደ። አባቴ ያን ሁሉ ቀለም ሲፍቅ ሰነበተ፣ ሲፍቅም አንድ ሐሳብ ገባው፦ ሁሴን የሆነ ነገር እየቀላቀለበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ያሸትታል፣ በጣቶቹ መሐል ያሻሻል፣ ሳሙናውን ሳይቀር ይጠረጥራል። ጋሽ ሁሴን ሲመለስ ለቅሶ ደረሰው፤ ስለ ቀለሙ ግን ምንም አላለውም። እኔን ወደ ጥግ ጠርቶ፣ እዚያ ቤት ስትገቢ ዓይንሽን ግለጪ አለኝ።

ገለጥኩ። ጥርጣሬ ልጅንም ትልቅ ሰው ያደርጋል፤ የዘይነባ እናት የሚሰጡኝን ዳቦ እየበላሁ ቤታቸውን እሰልል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሁሴን መጋዘን ውስጥ አጎንብሶ፣ ከባለ ሰማያዊ ክዳን ወደ አሮጌ ባለ ቀይ ክዳን ቆርቆሮ ሲገለብጥ አየሁ። ሮጬ ነገርኩ።

አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ደንበኞች እየሰሙ፣ «ስንት ዘመን ነው ስታታልለኝ የኖርከው?» አለው። ጋሽ ሁሴን አፉን ከፈተ፤ ደንበኞቹን አየ፤ ከአባቴ ኋላ የቆምኩትን እኔንም አየ። ከዚያ አፉን ዘጋ። ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ፤ አባቴ ቲነሩን ከሌላ ሱቅ፣ ክዳኑን ሳያምን በጣቱ እየሞከረ ይገዛ ጀመር፤ የፋሲካና የኢድ ሳህን መለዋወጡም ቀረ፣ ዘይነባም ትምህርት ቤት ስታገኘኝ መንገድ ትቀይር ጀመር።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ እናቴ ጤና አዳም የተከለችባቸውን ባዶ ቆርቆሮዎች ውሃ ሳጠጣ፣ በላያቸው ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ ቻልኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ባለ ቀይ ክዳን የነበሩ ናቸው። አሮጌው «ቀስ ብሎ የሚደርቅ» ይላል፤ ያን ትራክተር ያበላሸው አዲሱ ግን «ቶሎ የሚደርቅ»። ፋብሪካው የክዳኖቹን ቀለም አቀያይሮታል። ጋሽ ሁሴን ይህን አይቶ፣ ጓደኛው እንዳይሳሳትና ማንበብ አለመቻሉም እንዳይታወቅበት፣ ትክክለኛውን ወደሚያውቀው ቆርቆሮ እየገለበጠ ያቀብለው ኖሯል። ስሕተቱ የተፈጠረው እሱ ለቅሶ በሄደበት ሳምንት ብቻ ነው። ያን ቀን ደጃፉ ላይ «አንተ ማንበብ አትችልም» ቢል ነፃ ይወጣ ነበር።

ለአባቴ ምሳ ላይ ነገርኩት። ሁለቱን ቆርቆሮ አምጥቼ እንዳነብለት ጠየቀኝ፣ ደግሜ እንዳነብም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ በዚያ ሙቀት ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተከተልኩት።

«ሁሴን፣ በድዬሃለሁ» አለው።

ጋሽ ሁሴን ከባንኮኒው ወጥቶ አቀፈው። ወዲያው ሻይ አስመጣ፣ ሳህኑም መመላለስ ጀመረ፣ እናቴም እልል አለች። እኔም ሁሉ ነገር ወደ ቦታው የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ቲነር ሊወስድ ሄደ። ጋሽ ሁሴን አዲስ ቆርቆሮ አወረደ፣ ክዳኑን በፊቱ ፈልቅቆ ከፈተ፣ በሁለት እጁ አቀረበለትና «ያሽትቱት፣ አቶ በዳዳ» አለው። አባቴ ምን በወጣህ ብሎ ለመነው፣ ሊስቅም ሞከረ። እስከ ሞቱ ድረስ ግን ጋሽ ሁሴን አንድም ቆርቆሮ ሳይከፍት ሰጥቶት፣ አንድም ቀን «አንተ» ብሎ ጠርቶት አያውቅም።