በገጽ 231 መስኮት የከፈተችው እናት

አራሚዋን የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ «አራት ነጥብ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የማሽን ሠራተኛ ነው፤ እሷ አፏን ከከፈተች ወሬው እዚያው ያበቃል ለማለት። ብትሰማም አልተቀየመችም። «ጥያቄ ምልክት ካልተባልኩ ምን ጎደለብኝ» ብላ አለፈችው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስታርም ኖራለች። ክፍሏ ከማሽኖቹ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከታች ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የእስክሪብቶ ጣሳ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ሻይ ክብ ክብ ይሠራል። እሷ ግን ልብም አትለው። የብረት ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር ታስገባለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፣ ስህተት ስታገኝ በቀይ ትከባለች፣ ማስመሪያዋን ወደ ታች ሳብ ታደርጋለች። ደራሲዎች ይፈሯታል። ጀግናቸው ምዕራፍ ሁለት ላይ ግራኝ ከነበረ፣ ምዕራፍ አሥር ላይ በቀኝ እጁ ሚስማር ሲመታ አይታ አታልፍም። ሥራ ቦታ ለስህተት ስታነብ ውላ ቤቷ ገብታ ደግሞ ለራሷ ታነብ ነበር። ያነበበችውን ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ታላቅ እህቷ ቤት ትሄድና ሁለቱ ተቀምጠው ደራሲ ያማሉ።

ከዚያ እህቷ ሞተች። በሽታው ብዙ አላቆያትም፤ ሰኞ ሆስፒታል ገባች፣ ዓርብ ወጣች፣ የወጣችውም በሌላ በር ነው። አራሚዋ አላለቀሰችም። ሰው ሲላቀስ እሷ ወንበር ታቀብል፣ ብርጭቆ ትሰበስብ ነበር። «ጠንካራ ናት» አሉ ዘመዶች። በሳምንቱ ሥራ ገብታ ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር አስገባች።

ሐዘን ቢሆን ታውቀው ነበር። እናትና አባቷን ቀብራለች፤ ሐዘን እንዴት አድርጎ ሆድ እንደሚያባባ ጠንቅቃ ታውቃለች። ይሄኛው ሌላ ነው። ጥርስ ሊነቅሉ ሲወጉት እንደሚደነዝዝ ድድ ነው፤ በጣትህ ስትነካው የራስህ አይመስልህም። እሷም ትጠብቅ ነበር። መርፌው ሲለቅ ያመኛል፣ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ ትላለች። ወር አለፈ፣ ወራት አለፉ፣ አልለቀቀም።

በዚያ ዓመት አሥራ አንድ አዳዲስ ልብ ወለዶች በእጇ አለፉ። አንዱ ሦስት ትውልድ የሚያዳርስ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ምስጢር አለው፣ ምስጢሩም ሁልጊዜ አሮጌ ሻንጣ ውስጥ ነው። የአንዱ ጀግና አራት መቶ ገጽ ሙሉ ከአልጋው አይነሳም፤ ለምን እንደማይነሳ ደግሞ አይነግረንም። ሌላው ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት ይተርካል፤ ሰውየው መጀመሪያ ይፋታል፣ ከዚያ ያገባል፣ በመጨረሻ ይተዋወቃል። መጥፎ መጻሕፍት አልነበሩም። የአንዳንዶቹ ቋንቋ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። እሷን ግን ሁሉም ውሃ ውሃ አሏት። ቤቷ ማንበብም ተወች። አልጋዋ አጠገብ ተከፍቶ የተደፋው መጽሐፍ እንደተደፋ ሽፋኑ ላይ አቧራ ያዘ።

«የዘንድሮዎቹ እንዴት ናቸው?» አላት ቀልደኛው የማሽን ሠራተኛ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አግኝቷት።

«ሰዎቹ ሥራ የላቸውም።»

«ሥራ ፈት ናቸው?»

«እንጃ። አይነገርም። ይተክዛሉ፣ ዝናብ ያያሉ፣ መስታወት ፊት ይቆማሉ። ማን እንደሚያበላቸው አላውቅም።»

ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። በልጅነቷ ባነበበቻቸው መጻሕፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራ ነበረው፤ ወፍጮኛ፣ ጫማ ሰፊ፣ ደወል ጠጋኝ። ሲርባቸው ይርባቸዋል፣ ሲበሉም ምን እንደበሉ ይነገራል። ይህን እያሰበች ወደ ክፍሏ ወጣች፤ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ግን ነገሩ አጠራጠራት። ጎዶሎው መጻሕፍቱ ይሁኑ እሷ፣ መለየት አልቻለችም።

አሥራ ሁለተኛው ልብ ወለድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ደራሲው ወጣት ነው፤ ሦስተኛ መጽሐፉ ነው። ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ልጅና ስለ እናቱ ይተርካል። ገጽ 188 ላይ እናትየዋ ትሞታለች፤ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ያለ ብዙ ግርግር። አራሚዋ አነበበችው፣ አንዲት የተረሳች ነጠላ ሰረዝ ጨመረች፣ ቀጠለች። ገጽ 231 ላይ ልጁ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ እንዲህ ይላል፦ እናቱ መጥታ መስኮቱን ከፈተች። «ክፍሉ ታፍኗል» አለች።

ማስመሪያዋ ቆመ። ወደ ኋላ ገልጣ 188ን አየች። ሞታለች። ወደ 231 ተመለሰች። ከፍታለች። ሕልም አይደለም፣ ትዝታ አይደለም፤ ደራሲው ዘንግቶት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ጀማሪ አራሚ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ይይዘዋል። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች፣ ከወረቀቱ በላይ ትንሽ ያዝ አደረገችውና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ማስመሪያዋን ሳብ አድርጋ ቀጣዩን መስመር አነበበች። በማግስቱ የእርማት ቅጂው ወደ ማሽን ክፍል ወረደ።

መጽሐፉ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ጎልማሳ ነው፤ እዚህ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲገባ ታውቀዋለች። ደራሲውም አጠገቡ ተቀምጧል፤ ከንፈሩን ነክሷል።

«እትዬ፣ ይሄን አላዩትም?» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ገጹን ገልጦ እያሳያት። በአነጋገሩ መውጫ በር ትቶላታል። ዓይኔ ደከመ፣ አላየሁትም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«አይተው ነው ያለፉት?» ደራሲው ብድግ አለ። ደሙ ፈልቷል። «የሰው መሳቂያ ሆንኩ እኮ! በሬዲዮ ‹ሙት አስነሺው ደራሲ› ተባልኩ! ምን አድርጌዎት ነው?»

«አንተ ምንም አላደረግከኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

አራሚዋ መልስ ፈለገች። ለሌላ ሰው ጉዳይ መልስ እንደምትፈልግ ሁሉ ረጋ ብላ ፈለገች። «ሴትየዋ ክፍሉ ታፍኗል አለች» አለች በመጨረሻ። «መስኮት ከፈተች። ትክፈት፣ አልኩ።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። ደራሲው ተመልሶ ተቀመጠ። እጆቹ ምን እንደሚሠሩ የጠፋቸው ይመስላሉ፤ መጽሐፉን አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል።

«231ን የጻፍኩት እናቴ በሕይወት እያለች ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «188ን በኋላ ነው ያስገባሁት። ከእሱ በኋላ ያለውን ደግሜ ላነበው አልቻልኩም። ሌላ ሰው ያየዋል ብዬ ሰጠሁ።»

አሁን አንጀቷ መላወስ ነበረበት። ራሷም ጠብቃው ነበር። አልተላወሰም። «አዝናለሁ፣ ልጄ» አለችው፤ ድምጿ ሰዓት ስንት እንደሆነ የምትነግረው ነበር የሚመስለው። እሱ ግን እንደሚገባ ቃል ተቀበላት።

«ለሁለተኛው እትም ምን ይሁን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይውጣ» አለ ደራሲው። «ይሻላል።»

አራሚዋ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሷ አውጥታ እዚያው ፊታቸው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰረዘች። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

ከሥራ አላባረሯትም። ሥራ አስኪያጁ አፍሮ አፍሮ «ለጊዜው የልጆቹን ቢይዙልኝ» አላት። ማተሚያ ቤቱ የድሮ የልጆች መጻሕፍትን እንደገና ሊያሳትም ነበር፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ሬዲዮም አያወራበትም። ቅጣት መሆኑ ገብቷታል። እሺ አለች።

ሦስተኛው ጥቅል ውስጥ የልጅነት መጽሐፏን አገኘችው። የደወል ጠጋኙ ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ የጠገነውን ደወል ተሸክማ፣ ሦስት ከተማ አቋርጣ፣ ደወል ለሌለው ትምህርት ቤት ታደርሳለች። አራሚዋ ይህን መጽሐፍ በልጅነቷ መጀመሪያ የሰማችው እንጂ ያነበበችው አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ኩፍኝ ይዟት፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ዓይኗን ብርሃን እየወጋት ስትተኛ፣ እህቷ በበሩ ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን እያነበበች ያሰማቻት ነው። እህቷ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። «እታለም፣ ድገሚልኝ» ስትላት ትደግምላታለች።

አሁን ስታየው አርባ ገጽ ብቻ ነው። ግማሹም ሥዕል ነው። ማስመሪያዋን አስገብታ እስከ መጨረሻው አነበበች። ስትጨርስ ገጾቹን ቆጠረች። ትክክል ናቸው። ወደ መጋዘን ወርዳ ከዋናው የድሮ ቅጂ ጋር አስተያየችው፤ የተቀደደ ገጽ የለም። ታዲያ የጀልባ ቀዛፊው ሚስትስ የታለች?

ከሁሉ አስበልጣ የምታስታውሰው ያንን ምዕራፍ ነበር። ልጅቷ ወንዝ ዳር ስትደርስ ትኩሳት ይይዛታል። የጀልባ ቀዛፊው ሚስት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ቁጡ ሴትዮ፣ ደወሉን ትቀማትና አልጋ ውስጥ ታስገባታለች። ሰባት ቀን ሾርባ ታጠጣታለች። ልጅቷ ልነሳ፣ ትምህርት ቤቱ ይጠብቀኛል ስትል፣ ሴትየዋ «ደወሉ ዝም ቢል ማንም አይሞትም፣ ተኚ!» ትላታለች። አራሚዋ በሕይወቷ ካነበበችው ሁሉ እንደዚያች ሴት የወደደችው ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ውስጥ ግን የለችም። ልጅቷ ወንዙን በድልድይ ተሻግራ ትሄዳለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ለእህቷ ልጅ ደወለች። የእህቷ ልጅ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ በእናቷ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት ለጉዳይ ብቻ ነበር።

«የጀልባ ቀዛፊው ሚስት?» አለች የእህቷ ልጅ። «እሷማ ወጌሻዋ ናት አይደለች?»

«የምን ወጌሻ? ሾርባ ነው የምትሠራው።»

«አይደለም፣ አክስቴ። ልጅቷ ከደወሉ ጋር ትወድቅና እግሯ ይሰበራል። ሴትየዋ በእንጨት ታስርላታለች። እማዬ እኮ ነች ያነበበችልኝ፣ እኔ እግሬን የተሰበርኩ ጊዜ።»

ከታች ማሽኑ ተነሳ፤ ጣሳው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ከራሷ ነው ያመጣችው» አለች አራሚዋ። «መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

«ለሁለታችንም ዋሸችን ማለት ነው?»

«ለእያንዳንዳችን በልክ በልካችን።»

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ አራሚዋ እህቷ ቤት ሄደች። ወረቀትና እርሳስ ይዛለች፤ ቀዩን እስክሪብቶ አልያዘችም። የእህቷ ልጅ በር ስትከፍትላት ሁለቱም ትንሽ ተደናገሩ፤ ያለ ጉዳይ መምጣት ቀርቶ ነበርና። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው የቀዛፊውን ሚስት መጻፍ ጀመሩ። እንደ ነገሩ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንዷ ሴትየዋ ወፍራም ነበረች ትላለች፣ ሌላዋ እንደ ሽቦ የቀጠነች። ባልየውን ማንኛቸውም አያስታውሱትም።

«ሁልጊዜ ወንዝ ላይ ነበር» አለች የእህቷ ልጅ።

«ደመወዙን እንኳ ይዞ ይግባ እንጂ!» አለች አራሚዋ፤ የእህቷ ልጅ በሳቅ ፈነዳች። የአራሚዋ ከንፈሯ ብቻ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ።

ሁለት ገጽ ተኩል ሲሞላ እርሳሱ ቆመ። የእህቷ ልጅ ወረቀቱን አንስታ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበችው። ቆንጆ አልነበረም። የድሮው ድምፅ የለበትም፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ንጹሕና ደረቅ፣ የአራሚ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ቢሆንም ሾርባውም ወጌሻነቱም ገብቷል፤ ሴትየዋ አሁን ሁለቱንም ትሠራለች።

«አክስቴ» አለች የእህቷ ልጅ ወረቀቱን እያስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቀየሚኝም?»

«ጠይቂ።»

«አልቅሰሽላት ታውቂያለሽ?»

አራሚዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች። «አላለቀስኩም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

የእህቷ ልጅ ትንፋሿን ለቀቀች። «እኔም» አለች። «የቀብሯ ቀን የጮህኩት ሰው እያየኝ ስለነበር ነው። እንባ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። መነጽር እሸጣለሁ፣ እመጣለሁ፣ እተኛለሁ። አንቺን እንዳላገኝሽ የሸሸሁት፣ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው።»

አራሚዋ ቀና ብላ አየቻት። ጠይም ፊቷ ላይ የታላቅ እህቷ ሰፊ ግንባር አለ፤ ዓይኖቿ ግን የደረቁ ናቸው፣ ልክ እንደ እሷ። ሐዘኑ ያን ቀን መጣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አልመጣም። ሁለቱም እንደደነዘዙ ተቀምጠው ቆዩ፤ ብቻ ወንበሮቹ ተጠጋግተው ነበር።

«ተርቤያለሁ» አለች የእህቷ ልጅ ትንሽ ቆይታ። «አንቺስ?»

አራሚዋ ሆዷን አዳመጠች። «እኔም ሳይርበኝ አልቀረም» አለችና ምን እንዳለ ልታይ ወደ ወጥ ቤት ገባች።