ጥቁሯን ጀርመን ወሊሶ ወስደን የመለስንበት ቅዳሜ

ከቤቴል የተነሳነው ወሊሶ ናፍቆን አይደለም። እኔና ባለቤቴ ወይንሸት መኪና ልንገዛ ነው፤ ያጠራቀምነው ደግሞ ለአንዲት ብቻ ነው የሚበቃው። እሷ የምትፈልገው ነጭ ጃፓን ነው፤ መለዋወጫው በየሱቁ ያለ፣ የትኛውም የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው፣ ሲሸጡትም የማያከስር። እኔ የምፈልገው የጋሼ ተካን ጥቁር ጀርመን ነው። ዕድሜዋ ከትልቁ ልጃችን ይበልጣል፤ ግን በሯ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ግማሽ ዋጋዋን ያወጣል።

ሰፈሩ በሙሉ ከወይንሸት ጎን ነው። እኛ ጋ መኪና የገዛ ሰው ለራሱ አይገዛም። ምጥ የያዛት ሴት፣ ለቅሶ የሚሄዱ እናቶች፣ ከአየር ጤና የሚመጣ ሲሚንቶ፣ ሁሉም ያንተ ተሳፋሪ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመውኝ "ልጄ፣ አደራ፣ መንገድ ላይ የማትጥለንን ግዛ" ብለውኛል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሚኒባስ ሞተር ላይ ተቀምጬ መቀመጫዬ የተጠበሰ ሰው ነኝ። አንዴ ለደስታዬ ብዬ ብነዳ ሰማይ አይደፋብኝም።

ፍርዱን የሰጠችው ወይንሸት ናት። "ወሊሶ ደርሳ ትመለስ። መንገድ ላይ ካልቆመች ያንተን እንገዛለን፤ ከቆመች ነጯን።" ተጨባበጥን።

ከአየር ጤና እስከ ሰበታ

ጋሼ ተካ ጡረታ የወጡ የኮልፌ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መኪናዋን ብቻዋን አልሰድም ብለው ከኋላ ተቀመጡ። የወንበሩ ላስቲክ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ አልተነሳም፤ በተነቃነቁ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

"ይቺ ልጅ ከጦር ኃይሎች አልፋ አታውቅም" አሉ በኩራት። "ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት። በቃ።"

"ታዲያ ለምን ይሸጧታል ጋሼ?" አለች ወይንሸት።

"አረጀሁ። ሹፌር ያስፈልጋታል። እኔ ዘበኛዋ ነኝ።"

አየር ጤና ላይ ከነበረው መጨናነቅ የተነሳ ፂሜ ያደገ መሰለኝ። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪኖች ጭሳቸውን አለበሱን። ሰበታን ጨርሰን መንገዱ ሲከፈት ግን ቤንዚኑን ረገጥኩ። መኪናዋ ዝቅ ብላ መሬቱን ያዘች፤ መሪው በጣቴ ብቻ ይዞር ጀመር። የወጨጫ ተራራ ዞር ብሎ ያየን ይመስለኛል።

"ቀስ በል አንተ ልጅ።"

"ስልሳ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ።"

"የእኔ ልክ አርባ ነው።"

ዋሽቻቸዋለሁ፤ ዘጠና ነበር።

ቱሉ ቦሎ

የበቾ ሜዳ ጠረጴዛ ነው። ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር፣ በመሃል አስፋልት። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ የሽምብራ እሸት ታቅፈው ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ወደ መስኮቱ መጣች።

"ስንት ነው?" አልኩ።

"ለታክሲ ሃምሳ። ለእናንተ ሰማንያ።"

"ለምን?"

መኪናዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻት። "ዓይን የለኝም እንዴ?"

ወይንሸት እሸቱን እየፈለፈለች "ገና ሳንገዛት ወጪ ጀመረች" አለች። መልሴ እግሬ ስር ነበር፤ ቤንዚኑን ረገጥኩ።

ወሊሶ

ወሊሶ ላይ ክትፎ በቆጮ በላን። ጋሼ ተካ አንድ ጎረሱ፣ አንዴ በመስኮት መኪናቸውን አዩ፣ እንደገና ጎረሱ። እጃችንን ስንታጠብ ወይንሸት "ቁልፉን ስጠኝ" አለችኝ። የመሥሪያ ቤቷን ፒክአፕ ለዓመታት ነድታለች። የመኪናዋን እንከን ራሷ ፈልጋ ልታሳየኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ሰጠኋት።

ሬዲዮውን ዘጋች። አንድ አውቶብስ ቀደመች፤ ቀጥሎ መቅደም የማያስፈልገውን ሌላ አውቶብስ ቀደመች። ቱሉ ቦሎ ላይ ልቀበልሽ ብላት እንዳልሰማች ሆና አለፈች። ከኋላ ላስቲኩ መንኮሻኮሹን አቁሟል። ዞር ብዬ ሳይ ጋሼ ተካ አልተኙም። ሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገታቸውን አስግገው መንገዱን ያያሉ።

ሰበታ ልንደርስ ዳገቱን ስንጀምር ወይንሸት "ይቺ መርፌ ቀዩ ላይ ምን ትሠራለች?" አለች።

መልሱን ከኮፈኑ ስር የወጣው እንፋሎት ሰጣት። ጥግ ያዘች። መኪናዋ ፈልታ ቆመች።

ወይንሸት ጊዜ አላጠፋችም። ደላላው ሙላት ጋ ደወለች፦ "ነጯን ቤት ድረስ አምጣት።"

እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከራዲያተሩ ፊት የብስኩት ካርቶን ታጥፎ፣ በሲባጎ ታስሮ ቆሟል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ እንዳይገባባት ነዋ። የኮልፌ ጠዋት ደግሞ ብርድ ነው።"

"አፍንጫዋን ደፍነው ዳገት አስወጧት እኮ።"

ካርቶኑን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ይዘውት ቆሙ። መንገድ ዳር ጎማ ሲጠግን አይቶን ከመጣ ሰውዬ ውሃ ለምነን፣ እስክትበርድ ጠበቅን። እኔ እስከዚያ ክርክሬን ቀጠልኩ። "ይሄ መቆም አይባልም፤ መታፈን ነው። አሳልፎ የሰጣት ጥንቃቄ ነው።"

"ቆማለች" አለች ወይንሸት። "ታፍናም ቢሆን።"

በዚህ መሃል ጋሼ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጆቼ፣ ሽያጩ ይቅር።"

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ይህን ሁሉ ዓመት ስጠብቃት ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር። ወይንሸት ስትነዳት አየሁ። እኔ ጅማን አይቼ አላውቅም፤ ራሴ እወስዳታለሁ።"

ውርርዱንም መኪናዋንም በአንድ ዳገት አጣሁ። ጋሼ ተካ መሪውን ያዙ። ካርቶኑን ግን አልጣሉትም፤ አጥፈው የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀመጡት። እስከ ቤቴል በስልሳ ነዱ። የእውነት ስልሳ።

ቤቴል

ነጯ ደጃፋችን ላይ ቆማለች። ሙላት በጨርቅ ይወለውላታል። አቶ ደምሴና ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቁ ወጥተዋል።

"እትዬ፣ ይቺ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም" አለ ሙላት።

ወይንሸት ገብታ እስከ አስፋልቱ ነዳቻት፤ ዞራ መጣች። ወረደችና በሩን ዘጋች።

"እንዴት ናት?" አለ ሙላት።

"ጤነኛ ናት።"

"ታዲያ ጨረስና።"

"ምንም አላለችኝም" አለችና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠች። "ሌላ ጀርመን ካለህ አምጣ።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው። የማይቆም መኪና የሚሻ ሰው የማይሄድ ይግዛ፤ እሱ ከሁሉ አስተማማኝ ነው። ጃፓን የሚገዛም ይግዛ፣ ቅር አይለኝም። እኔና ሚስቴ ግን አንዴ ቀምሰናል። እስክናገኝ በሚኒባስ እንጠበሳለን እንጂ ለሰው ፍርሃት ብለን ያልወደድነውን አንነዳም።

አቶ ደምሴ መመረቂያ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። "የኔ ልጅ፣ ጀርመኗ ምጥ የያዛት ሴት ይዛ ብትቆምስ?"

"እናንተ ትገፏታላችሁ" አለች ወይንሸት። "እድር ለምኑ ነው?"