ከነጠላ የተሠራ ድንኳን

እኛ ሰፈር፣ ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰው መሞቱ መጀመሪያ የሚታወቀው በእድሩ መጋዘን ነው። የቆርቆሮው በር ሲከፈት ይንቋቋል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ሥራውን አቁሞ "ማን ይሆን?" ይላል። ያን ሰሞን ግን ሰው ሞቶ መጋዘኑ አልተከፈተም።

የሞተው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጎረቤቴ ከትግራይ መጥታ እኛ ግቢ ስትከራይ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ልጇ ያደገው እዚያው አያቶቹ ጋ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ በዚያኛው ወገን ተሰለፈ። መሞቱን ከዚያ የወጣ አንድ ዘመዷ በስልክ ነገራት። እንደ ወጉ ቢሆን መርዶ ነጋሪዎች ማልደው በሯን ያንኳኩ ነበር። ማንም አላንኳኳም።

እኔና እሷ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ጀምሮ የምተዳደረው ነጠላ በመቋጨት ነው፤ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለውን ክር እያከረርኩ ቤት እውላለሁ። ስለዚህ ሰማሁ። ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋ፣ በሬዲዮው ሥር ነበር የምታለቅሰው። ስገባ ትራስ አፏ ላይ ይዛለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል" አለችኝ። እኔ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር።

ከሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ቢሆንም የእድሩን ሴቶች ወደሚሰበስቡት እትዬ ሄጄ ነገርኳቸው። እትዬ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ እሱ ደግሞ የመንግሥት ወታደር ሆኖ እዚያው ጦር ሜዳ ነበር። ከደወለ ቆይቷል። ስልካቸውን ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚዞሩት፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳን ድምፁን አያጠፉትም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው ወደ እድሩ ሊቀ መንበር ሄዱ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

"ጋሼ፣ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ ይስጡኝ። ልቅሶ አለብን፤ የዚህች ጎረቤት ልጇ ሞቶባታል።"

ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ግራ ቀኛቸውን አዩ። "አንቺ ሴት፣ ጊዜውን አታይም? ነገ 'ለማን ነው የተከላችሁት?' ቢሉኝ ምን ልመልስ?"

"ለእናቱ ይበሉ።"

"ልጅሽ እኮ እዚያ ነው ያለው! እሱ ላይ ሲተኩስ ለነበረው ልታስለቅሺ ነው?"

ሱቁ በር ላይ የቆመ አንድ ጎልማሳ "ተዋቸው፣ ነገ ደግሞ ለጠላት እድር ያቋቁማሉ" ሲል ሰዎች ሳቁ።

እትዬ ወደሱ ዞር አላሉም። "ጋሼ፣ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። የእርስዎ ባለቤት ሲያርፉ ግን ጭስ እያስለቀሳት ንፍሮ የቀቀለችው እሷ ናት። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።"

ሊቀ መንበሩ አንገታቸውን ደፉ። ቁልፉን ግን አልሰጡም።

"እንግዲያው ይቆይዎ" አሉ እትዬ።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግቢ እንደደረስን ግን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጄ ላይ አኖሩት።

"እንቺ፣ ይኼን ከነጠላሽ ጋር ቋጥሪው።"

"ምን ሊሆን እትዬ?"

"ጥላ ነዋ።"

ጫፍና ጫፉን ክር ለክር ቋጠርኩት። ሳልጨርስ አንዲት ሴት መጥታ የራሷን ሰጠችኝ። ከዚያ ሌላዋ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ጸሎት ቤት የምትሄደው የወላይታዋ ልብስ ሰፊ "እኔ ንጹሕ ነጠላ የለኝም" ብላ የመስኮቷን መጋረጃ ነቅላ አመጣች። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከጣሪያ ጣሪያ ወጥረን ሁሉንም ዘረጋነው። ፀሐይዋ በጥለቱ አልፋ መሬቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ ጣለች። ዕድሜዬን በሙሉ ነጠላ ስቋጭ፣ ሰው በሥሩ ሊቀመጥበት እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

እትዬ ጎረቤቴን ከቤቷ ደግፈው አወጧት። ትራሱን እንደያዘች ነበር። ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱትና ከጥላው ሥር ባነጠፍነው ፍራሽ ላይ አስቀመጧት።

"በይ አሁን አልቅሺ።"

"ሰው ይሰማል እኮ።"

"እንዲሰማ ነው።"

መጀመሪያ አፏ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ልጇን በቋንቋዋ ጠራችው። በአደባባይ ያን ቋንቋ ጮክ ብሎ መናገር በሚያስፈራበት ሰሞን፣ መንገዱ ድረስ እስኪሰማ ጠራችው። እትዬ ወገቧን አቅፈው አብረው አለቀሱ፤ ለማን እንደሚያለቅሱ የጠየቃቸው የለም።

ሰፈር የሚጠብቁ ወጣቶች ዱላ ይዘው መጡ። ቀድሞ የገባው "ምንድን ነው ይኼ ስብሰባ?" አለ።

"ስብሰባ አይደለም፣ ልቅሶ ነው" አሉ እትዬ። "ዱላህን ከውጭ አስደግፈህ ግባና ነፍስ ይማር በል።"

"ማን ሞቶ ነው እማማ?"

"ልጅ።"

"የማን ልጅ?"

"የእሷ። አንተን የሚያክል።"

ወጣቱ እሷን አየ፤ ቀና ብሎ ከላይ የተዘረጋውን ነጠላ አየ። ዱላውን ግንቡ ላይ አስደግፎ ከምንጣፉ ዳር ቁጭ አለ። ጓደኞቹም ተከተሉት። ልብስ ሰፊዋ እጁ ላይ ንፍሮ ስታደርግለት "እግዜር ያጽናሽ" ሲል ሰማሁት፤ ፊቱ ወደ እናትየው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መጡ። ቁልፉን አልያዙም። ገብተው ከወጣቶቹ አጠገብ ተቀመጡ።

ከሠልስቱ በኋላ ነጠላዎቹን ፈትቼ ለየባለቤቱ መለስኩ። እናቲቱ ዛሬም ግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ጠዋት በሯ ሲከፈት እሰማለሁ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እትዬ ደጅ ትሄዳለች። ልጇ የሞተባት እሷ ሆና፣ የምትጠይቀው ስለ እትዬ ልጅ ነው።

"ደወለልሽ?"

"ገና ነው።"

"ይደውላል" ትላለች። አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ሁለቱም ያንን ስልክ ያያሉ።