መጨረሻውን ያላየሁት የህንድ ፊልም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሜልበርን ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የህንድ ሱቅ ኮረሪማ ልገዛ ጎራ አልኩ። ገና በሩን ስከፍት ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ያንን ፊልም አየሁት።

እንዴት አልለየውም! ልጅ ሆነን ሻሸመኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ስንት ጊዜ አይተነዋል። ሽፍቶቹ ብዙ ናቸው፣ ፈረሱ ግን አንድ ነው፤ በየተራ ይጋልቡታል። ደሙም የቲማቲም ድልህ መሆኑ ያስታውቃል። ቢሆንም አክተሩ የአባቱን ደም ሊመልስ ሲነሳ እኛም አብረነው እንነሳ ነበር።

መጨረሻውን ግን አላውቀውም። አክተሩ የሽፍቶቹን አለቃ ገደል አፋፍ ላይ ሲያገኘው ሁልጊዜ መብራት ይጠፋል። ያኔ ቤቱ በፉጨት ይቀልጣል።

«ይገድለዋል ወይስ ይምረዋል?» አልኩት ባለሱቁን፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ህንዳዊ ነው።

«እኔንጃ ወንድሜ» አለኝ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «እኔም መጨረሻውን ሳላየው ነው ያደግሁት።»

ኮረሪማዬን ረስቼ አጠገቡ ቆምኩ። አክተሩ ገደሉ ጋ ደረሰ። አለቃው ዞረ። ሽጉጥ ወጣ። ይኼኔ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ኤሲውም ድርግም አሉ። በሙቀቱ ሁሉም ኤሲ ከፍቶ ኖሮ የሰፈሩ መብራት ጠፋ።

ሁለት ጣቴ ሳላውቀው አፌ ውስጥ ገባ። ወዲያው አፍሬ መለስኩት። ሜልበርን ውስጥ፣ ያውም በሰው ሱቅ፣ ትልቅ ሰው ያፏጫል እንዴ?

ከባንኮኒው ጀርባ ጆሮ የሚያደነቁር ፉጨት ተሰማ።