በበርሜል የተፈተነ ሞተር

ዛሬ ከልጄ ጋር የእንጦጦ ቁስቋምን ዳገት ስንወጣ አንድ ሰው በሞተር መጋዝ ባሕር ዛፍ ይቆርጥ ነበር። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሸተኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። የአባቴ ልብስ ሽታ ነው።

አባቴ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ነው ጉለሌ የገባው። አንድ የድሮ ደንበኛው፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ያረጀ ሞተሩን አውቶቡስ ላይ ጭኖ እኛ ቤት ድረስ ያመጣ ነበር። ጉለሌ ሐይቅ የላትም፤ አባቴ በርሜል ውኃ ይሞላና ሞተሩን ጠርዙ ላይ አስሮ ያስነሳዋል። ግቢው በጭስ ይታፈናል፣ ውኃው ይናጣል፣ ሞተሩ ያገሳል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ሐይቁ ላይ መረቡና ዓሣው ሲጫንበት ግን ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ሰውየውም ተሸክሞት ይመለሳል።

እንደገና ያመጣው ቀን አባቴ ካንዴላውን ቀየረ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ የቤንዚኑን ቱቦ በአፉ ነፋ። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ አሁንም አገሳ።

"ታዲያ ምኑን ነው የሳትኩት?" አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

እናቴ ከእንጦጦ ተሸክማ የመጣችውን ጭራሮ ገና አላወረደችም።

"በርሜል ውስጥማ ምን ያደክመዋል?" አለችው። "ሳይጭኑት ማን ደከመኝ ይላል?"

አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ሄዶ ሸክሙን ከጀርባዋ አወረደላት።

"እማዬ፣ ደከመሽ እንዴ?" አለችኝ ልጄ፣ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ አጠገብ ቆማ።

"ባዶ እጄን ወጥቼ ምን ያደክመኛል?" አልኳት።

መነሳት ግን አቃተኝ።