የዜሮ ክፍል ድንጋዮች

ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ላልደረሱ ሕፃናት የዜሮ ክፍል መምህርት ነበርኩ። ርእሰ መምህሩ ልጆቼን አንድ ዴስክ እንኳ ነፈጋቸው። «እነዚህ አንድ ሁለት ብለው መቁጠር ለማይችሉት ዴስክ ምን ያደርግላቸዋል? ብክነት ነው» አለኝ፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት። ሳቁ። እኔ ቂሜን ቋጠርኩ። ልጆቼም እያንዳንዳቸው ከወንዙ መቀመጫ ድንጋይ ይዘው መጡ።

ጦርነቱ ደረሰና ወታደር ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈረ። ከወራት በኋላ ስንመለስ ዴስኩ ሁሉ ተፈልጦ ማገዶ ሆኗል። የተረፈው የእኔ ክፍል ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ድንጋይ መቼ ይነዳል!

ርእሰ መምህሩ መጥቶ ክፍሌ በር ላይ ቆመ። «እባክሽ እህቴ፣ ስምንተኛ ክፍሎች ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። መሬት ላይ ተቀምጠው ምን ውጤት ያመጣሉ? ድንጋዩን ልቀቂልኝ» አለ። ድምፁ እንዲህ እንደሚለሰልስ አላውቅም ነበር።

«ወላሂ አንዲት ጠጠር አልሰጥዎትም» አልኩት። «ወንዙ እንደሆነ እዚያው ነው።»

ወረደ። ሱሪውን ሰብስቦ ድንጋይ በትከሻው ያመላልስ ጀመር። ልጆቼን አውጥቼ በር ላይ አሰለፍኳቸው፤ አንድ ድንጋይ ባስቀመጠ ቁጥር በአንድ ድምፅ ይቆጥሩለታል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ሃያ ሲሉ ላቡን እየጠረገ ዞር ብሎ አየኝ፤ አስቁሚልኝ ማለቱ ነበር።

«ቀጥሉ» አልኳቸው። እስከ መቶ አስተምሬያቸዋለሁ።