ከንፈር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው

ወንድሜ ኢብሮ ማትሪክ ከተፈተነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ውጤቱ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። ሦስት ነጥብ ስድስት። ሰርግ ላይ ያነሣዋል፣ የሕፃን አቂቃ ላይ ያነሣዋል። ባለፈው ታኮማ ለተዕዚያ ሄደን ስለ ሟቹ ደግነት ሲወራ፣ «አዎ፣ ደግ ሰው ነበር፤ እኔ ሦስት ነጥብ ስድስት ያመጣሁ ጊዜ እንኳ ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል» አለ። ሟቹ ተቀበረ፤ ማትሪኩን ግን የሚቀብረው ጠፋ።

ያ ሁሉ ነጥብ ምን እንዳደረገለት እኔ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዲቪ ደረሰውና ሲያትል መጣ፤ አሁን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር ነው። ሥራውን አልንቅም፣ እኔም የሆስፒታል ወለል ነው የምወለውለው። የማልችለው ሰውን ሁሉ በነጥብ ካልለካ የማይታየው መሆኑን ነው።

ሰኪና እባላለሁ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ማውንትሌክ ቴራስ ከእሱና ከሚስቱ ከሐያ ጋር እኖራለሁ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሲድራ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። እሑድ እሑድ የኛ ሰው ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ወደከፈተው መድረሳ የማደርሳት እኔ ነኝ። ኢብሮ የመድረሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ልጁ ቁርኣን ስትቀራ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሰምቷት አያውቅም። ማታ ቤት ስንገባ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፕሮግረሷ እንዴት ነው?» ይለኛል። ፕሮግረሷ አጠገብህ ቆማ ጫማዋን እያወለቀች ነው፣ ለምን ራሷን አትጠይቃትም?

የምታስተምራቸው ኡስታዛ ቢልቂስ ናት፣ ስድሳ ያለፋት የደሴ ሴት። ልክ እኛ ወሎ እንደተማርነው ታስተምራለች፦ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሁሉም በየፊናቸው ጮክ ብለው ይቀራሉ፣ እየተወዛወዙ። ለማያውቅ ሰው ጫጫታ ነው። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የተሳሳተውን ለይታ ትጠራለች። ተራ የደረሰው ፊቷ ተቀምጦ በቃሉ የያዘውን ያሰማል። እንዲህ የተማረ ልጅ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ሱራውን ከመሀል ብትጠይቀው አይመጣለትም። ከመጀመሪያው ተነሥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ እየቀራ ነው እዚያ ቦታ የሚደርሰው። ኢብሮም ያደገው እንደዚሁ ነው፤ ረስቶት ነው እንጂ።

አምና የሲድራ ትምህርት ቤት የስቴቱን ፈተና ውጤት ላከ። ባለ ቀለም ግራፍ አለው፤ ልጅቷ ከስንት ሰው በላይ እንደሆነች በቀስት ያሳያል። ኢብሮ በዚያ ቀስት ፍቅር ወደቀ። ወዲያው ኮሚቴውንና ወላጆቹን ጠርቶ፣ «ሶ፣ መድረሳችን ስታንዳርድ የለውም። በዳታ መመራት አለብን» አለ።

«እኔ እኮ በየሳምንቱ እፈትናቸዋለሁ፣ ልጄ፤ ሲያሰሙኝ» አለችው ኡስታዛ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኡስታዛ፣ እሱ ሰብጀክቲቭ ነው።»

ወላጆቹ ቃሉን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሾቹ አልገባቸውም፣ ግማሾቹ ኋላቀር መባል ፈሩ። በአንድ ስብሰባ ተወሰነ፦ ፈተናው በጽሑፍ፣ ባለ ምርጫ ይሆናል፤ የወደቀ ወይም ሲኮርጅ የተያዘ ልጅ ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር አሊፍ-ባ ክፍል ይገባል። ሲድራ ረመዳን ሲገባ በወላጆች ፊት እንድታሰማ በኡስታዛ የተመረጠች ልጅ ናት፤ ከወደቀች ማሰማቱም ይቀርባታል። «የኔም ልጅ ብትሆን» አለ ኢብሮ ደረቱን ነፍቶ። አጨበጨቡለት።

ልጅቷ ያን ሳምንት እህል አልበላ አላት። «አክስቴ፣ ዝም ብዬ አይመጣልኝም» ትለኛለች። ለአባቷ ስነግረው፣ «ሴክ፣ እኔ ማትሪክ ስፈተን…» ብሎ ጀመረ። ጥዬው ወጣሁ።

የፈተናው እሑድ ክራቫት አሥሮ መጣ። ምንጣፉን አስጠቅልሎ ጠረጴዛ ደረደረ፣ እርሳስ አደለ፣ የመልሱን ክብ በእርሳስ ማጥቆርን እንደ ትልቅ ጥበብ አስረዳ። ግድግዳው ላይ «መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ኡስታዛ ጥግ ላይ ጥቅሉ ምንጣፍ አጠገብ ቁጭ ብላ ታያለች።

ጥቂት እንደቆዩ ክፍሉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ጋ ሹክ፣ ሌላው ጋ ሹክ፣ ወንበሮቹም መወዛወዝ ያዙ። ኢብሮ ደንግጦ «ኳየት!» አለ። ዝም አሉ፣ ቆይቶ ግን ማጉረምረሙ መልሶ ተነሣ። ማርከሩን አወጣና ግድግዳው ላይ ጨመረበት፦ «ከንፈር ማንቀሳቀስ ክልክል ነው»። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣ ሰው ከወንድሜ ሌላ ካለ አሳዩኝ።

ከዚያ ዞር ሲል የሲድራ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። የማያዳላ መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ዕድል የት ይገኛል? ወረቀቷን ከፊቷ ነጠቀ።

«ኩረጃ ነው! ለልጄም አላዳላም!»

የሲድራ ዐይን እንባ ሞላ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ገብቼ ክራቫቱን ብጎትተው ደስ ባለኝ ነበር።

«ዳዲ፣ ካልቀራሁት እንዴት አገኘዋለሁ?» አለች።

«በጭንቅላትሽ! ዝም ብለሽ ቲንክ ታደርጊያለሽ!»

«ኦኬ። ሰባተኛው መልሱ ምንድን ነው?»

ኢብሮ ወረቀቱን አነበበ። በአንዱ ሱራ ውስጥ ስለ እንቅልፍ ከሚናገረው ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ምን ነው? ሀ. ስለ ተራራ፣ ለ. ስለ ሌሊት፣ ሐ. ስለ ዝናብ፣ መ. መልሱ አልተሰጠም።

«ቀላል እኮ ነው» አለ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከቢስሚላሁ ተነሥቶ ከመጀመሪያው። ወገቡም ተከተለው፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ክራቫቱ አብሮት እየተወዛወዘ።

ልጆቹ እርሳሳቸውን ይዘው ያዩታል።

«ዳዲ» አለች ሲድራ፣ «ከንፈርህ ሙቭ እያደረገ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ወላሂ ሆዴን እስኪያመኝ። ኢብሮ ክራቫቱን ነካካ፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። «ሲስተሙ ትንሽ ኢሹ አለበት፣ ኔክስት ታይም ፊክስ እናደርገዋለን» አለና ወረቀቱን መለሰላት።

ሲድራ አልተቀበለችውም። ተነሥታ ሄዳ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ዘረጋች፣ ኡስታዛ ፊት እግሯን አጥፋ ተቀመጠች፣ ጮክ ብላም ጀመረች። እንቅልፉን አለፈችው፣ ሌሊቱን አለፈችው፣ አላቆመችም። ሳቁ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ኢብሮ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ልጁን ሲሰማት የመጀመሪያው ነው፤ ዐይኑም እርጥብ መሰለኝ። ወንድሜ በስተመጨረሻ ከማትሪክ ወጣ ብዬ ልቤ ራራለት።

ስትጨርስ ኡስታዛ ጭንቅላቷን ዳሰሰቻት። «ባረከላሁ ፊኪ። ለረመዳን እንደዚሁ አሰሚልኝ፤ አሊፍ-ባ የሚወርድ ልጅ የለኝም።»

ኢብሮ ቀረብ አለ። «ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ማሻአላህ፣ ልጄ።» ከዚያ ወደ ኡስታዛ ዞረ።

«ሶ፣ ኡስታዛ… ይሄ ከመቶ ስንት ይሆናል?»

ሲድራ መልሱን አልጠበቀችም፤ ጫማዋን ልታደርግ ወደ በሩ መጣች።